ከድልድዩ በየትኛው በኩል

ሰኞ፣ ጥር 5

ወሬው የደረሰኝ አንሶላ ስተኩስ ነው። ሆቴሉ ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ስለሚከለክል ሁለቴ ሲጠራ ዝም አልኩት። እንደገና ሲጠራ ኀላፊያችን ራሷ «አንሺው እስቲ፣ ይኼ ሰው የቸገረው ነው» አለችኝ። ድምፁን የማላውቀው ሰው ነው። ከድልድዩ አጠገብ ካለው ሆስፒታል እንደሚደውል ነገረኝ። «የሴራሚክ አንጣፊው እናት ነዎት?» አለ። ነኝ አልኩት። «ከማዶ በመጣው አውቶቡስ ውስጥ ራሱን ስቶ አምጥተውልን ነበር» አለ። «ነበር» ሲል ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ካውያውን አንሶላው ላይ ረስቼው ኖሮ ጭሱን ያየችው ኀላፊያችን ናት።

ማዶ የምንለው ከድልድዩ ወዲያ ያለውን አገር ነው። ልጄ እዚያ ነበር የሚሠራው። ባለፈው እሑድ ደውሎ ራሴን ያመኛል ሲለኝ ጉንፋን ነው፣ ተሸፋፍነህ ተኛ አልኩት። እሺ እማ አለ። ከእኔ ጋር መከራከር የሚወድ ልጅ እሺ ሲል ምነው አላልኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ቀበርነው። ወንድሜ በጭነት መኪናው ሄዶ አመጣው።

ሰኞ፣ ጥር 12

ደብተሩን የሰጠችኝ ልጅቷ ናት፣ የእሱ ታናሽ። «ስታወሪው ታለቅሻለሽ። ስትጽፊው ግን እጅሽ ቀርፋፋ ስለሆነ ትረጋጊያለሽ» አለችኝ። ያለፉትንም ሁለት ቀኖች የጻፍኳቸው ዛሬ ነው። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። ፊደሉ ሲጣመምብኝ ሰርዤ እንደገና እጽፋለሁ።

ዛሬ ከማዶ የሥራ ጓደኛው መጣ። ቁመቱ እስከ ትከሻዬ ነው፤ አጭሩ እያሉ ነው የሚጠሩት፣ ራሱም «አጭሩ ነኝ እማማ» ብሎ ነው የገባው። የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ልጄ በጉንፋን አልሞተም።

የሚያሠራቸው ካቦ አንድ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ተጣሞ ተነጥፎ ሳለ ዝም ብላችሁ ክፍተቱን በስሚንቶ ሙሉት ይላቸዋል። ልጄ አልሞላም፣ ውሃው ወደ በሩ ነው የሚሄደው ይላል። ካቦው ይስቅበታል። «እንግዲያው ባልዲ ውሃ አምጡና እንየው» ይላል ልጄ። አምጥተው ሲያፈሱት ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። ካቦው የአካፋ እጀታ አንሥቶ ከኋላው መታው።

«ወደቀ፣ ግን ተነሣ እማማ» አለኝ አጭሩ። «ተነሥቶ እንኳ፣ ውሃውን ጥረጉት ሰው እንዳያዳልጠው አለን።»

ይኼ በታኅሣሥ ነው። ክሊኒክ ሄደ፣ የራስ ምታት ኪኒን ሰጥተው መለሱት። ጓደኞቹ ለፖሊስ ነግረው ካቦውን አሳሰሩት። ልጄ ሥራ ሊጀምር ሞከረ፣ አልቻለም። ሲብስበት አውቶቡስ ላይ አሳፈሩት። ድልድዩን ተሻግሮ እዚህ ሞተ።

ካቦው የተከሰሰው በድብደባ ነው። ፍርዱ መጋቢት 24 ነው። «ከጥቂት ወር በላይ አያገኘውም» አለ አጭሩ። ሻይ ቀድቼለት ነበር፤ ቀዝቅዞ ቀረ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሥራ ተመለስኩ። የተቃጠለውን አንሶላ ማንም አላነሣብኝም።

ከሥራ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ እኔና ባለቤቴ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ የሰጠኝ ነገር የለም።

«እናቴ፣ ወንጀሉ የተፈጸመው ማዶ ነው። እዚህ ያለው አስከሬን ነው። ወንጀል ሳይኖር መዝገብ አልከፍትም» አለ።

«የሞተውስ የት ነው?»

«እዚህ።»

«የተገደለውስ?»

«እዚያ።»

ባለቤቴ ትናንት ማዶ ፖሊስ ጋ ደውሎ ነበር። እነሱ ደግሞ «ሰውየው ከእኛ ዘንድ የወጣው በሕይወቱ ነው፤ እኛ ጋ የሞተ ሰው የለም» ነው ያሉት። ይህን ለመርማሪው ብነግረው «እሱም ልክ ነው» አለኝ። ሁሉም ልክ ነው። ልጄ ብቻ ነው ልክ ያልሆነው።

ስንወጣ መርማሪው ለባለቤቴ ነገረው፦ ማዶ አንድ ሰው በድብደባ ከተፈረደበት በዚያው ምት ዳግመኛ በግድያ አይከሰስም። ስለዚህ ክሱ የሚቀየር ከሆነ ከመጋቢት 24 በፊት ነው። ካለፈ አለፈ።

ባለቤቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ ያነባል። መንገድ ላይ «ቆጣሪያችን ተሳስቷል እያሉ የሚጨቃጨቁኝ ሰዎች ነበሩ» አለኝ። «ወዴት ሄደው እንዲያመለክቱ እንደምልካቸው ታውቂያለሽ? ወደ ሌላ ቢሮ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከሥራ እንደገባሁ ነው የምጽፈው።

መተኮሻ ክፍላችን ውስጥ ሬዲዮ አለ። ዛሬ የሁለቱን አገሮች ወንጀል የሚያወዳድር የአምስት ወር ሪፖርት ወጣ ብለው ሲያነቡ፣ እኛ ጋ ከመቶ ሺህ ሰው ይህን ያህል ይገደላል፣ ማዶ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው አሉ። ከዚያ ለምሳሌ ብለው ልጄ የተመታበትን ከተማ ጠሩ። እስከ ጥር መጨረሻ አንድም ግድያ አልተመዘገበም። ዜሮ።

ከጎኔ የምትተኩሰው ልጅ «ወይ ታድለው፣ እዚያ ሄዶ መኖር ነበር» አለች። አላወቀችም። ኀላፊያችን በዐይኗ ስትቆጣት ፊቷ ቀላ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጄ ማዶ ልሂድ ሲል አባቱ ይቅርብህ ብሎት ነበር። ያኔም ይኸው ሬዲዮ ይህንኑ አንብቧል። «ቁጥሩን አልሰማህም እንዴ፣ እዚያ ከዚህ ይሻለዋል» ያልኩት እኔ ነኝ። አባቱ ይህን አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሪፖርቱን የሚያወጣው የስታቲስቲክስ ቢሮ ከሆቴሉ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዣለሁ። ዘበኛው ማንን ፈልገሽ ነው ሲለኝ፣ ዜሮውን የጻፈውን ሰው አልኩት።

አንድ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ወረደ። ወደ ክፍሉ ወሰደኝ። ወረቀት ብቻ የሞላበት ክፍል ነው። እኔ ለመቀመጥ እሱ ወረቀት መሬት ላይ ማውረድ ነበረበት።

«ይህን ዜሮ አንድ አድርጉልኝ» አልኩት።

አልሳቀብኝም። ያ ይቆጠርለት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ እንደገባኝ ልጻፈው። እኛ ጋ ግድያ የሚቆጠረው ፖሊስ መዝገብ ሲከፍት ነው። በኋላ ሰውየው ሰጥሞ እንደሞተ ቢታወቅ እንኳ ቁጥሩ ውስጥ ይቀራል። ማዶ ግን የሚቆጥሩት ክሱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ በክሱ ስም ነው። ገዳዩ ካልተያዘ አይቆጠርም። በድብደባ ከተከሰሰ ድብደባ ነው፣ የተመታው ቢሞትም። የእስረኛ ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ያልተፈረደበትን ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም። «ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አስቀመጣችኋቸው?»

«ይጠይቁናላ። ማወዳደር አይቻልም የሚል የግርጌ ማስታወሻ ግን አለው እኮ እናት፣ ይኸው።»

እውነትም ከሥር አለ፣ በጉንዳን ፊደል።

«የግርጌ ማስታወሻ በሬዲዮ አይነበብም» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። የልጄንም ነገር አስረዳኝ፦ እዚህ መዝገብ አልተከፈተለትም፣ እዚያ ክሱ ድብደባ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም የለም። እንዲህ ሲለኝ ልቤ የቆረጠው ነገር አለ። ዜሮው ነው እንቅፋቱ። ዜሮው ከተነሣ ሌላው ይከተላል። ሰኞ ማመልከቻ ይዤ እመለሳለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ማመልከቻውን ስጽፍ ዋልኩ። ልጅቷ ላግዝሽ አለችኝ፣ እምቢ አልኩ። ፈተና ምናምን ነገር አለኝም አለች መሰለኝ።

ማታ ማታ የወንድሟን ጃኬት ለብሳ ነበር የምትተኛው። ቆሽሿል ብዬ ዛሬ አጠብኩት። ስታየው ገመዱ ሥር ቆማ ነገር እንደጠፋበት ሰው አለቀሰች። «ሳትነግሪኝ ለምን ታጥቢዋለሽ እማዬ?» ለጃኬት እንዲህ ይለቀሳል? ንጹሕ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ትልበሰው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ማመልከቻው ገባ። ነገ ተመለሽ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ነገ ተመለሽ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

የምሳ ሰዓቴን ሁሉ እዚያ ጨረስኩት። ዘበኛው አሁን «ዜሮዋ መጣች» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለጓደኛው ነው ያለው፤ እንደሰማሁት ሲያውቅ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ።

ባለመነጽሩ ዛሬ እንደ ድሮው አላስረዳኝም። ማመልከቻዬን ከፊቱ አስቀመጠ። ከዚያ «እናት፣ አንድ ነገር ቀድሜ መናገር ነበረብኝ» አለ። «ዳኛው የእኔን ሪፖርት አይቶ አይፈርድም። እኔ ነኝ የእሱን አይቼ የምጽፈው። ይህን ዜሮ ዛሬ አንድ ባደርገው ሰውየው ያው በድብደባ ተፈርዶበት ይወጣል። የሚሄዱት ማዶ፣ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው። እዚህ በመጡ ቁጥር ቀኑ እየሄደብዎት ነው።»

አንተ እስካሁን የት ነበርክ ልለው ነበር። እኔስ የት ነበርኩ። ባለቤቴ ከመጀመሪያው «ማዶ እንሂድ» ሲለኝ ቆይ ዜሮውን ላስነሣ ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ማዶ ሄድኩ። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ወንድሜ ወሰደኝ። እሱ ሾፌር ስለሆነ ድልድዩን እንደ ቤቱ ደጃፍ ነው የሚያውቀው። ጠባቂዎቹ ሁሉ ያውቁታል። «ዛሬ ምን ጭነህ ነው?» ሲሉት «እህቴን፤ ከባድ ናት፣ ተጠንቀቁ» ይላቸዋል። እንድስቅ ነው። ታናሼ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳለቅስ ማየት አይችልም።

ድልድዩ አጭር ነው። እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። መሐል ላይ ነጭ መስመር አለ። ልጄ እዚህ መስመር ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ነበረች ወይስ አልነበረችም እያልኩ አለፍኩት።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት፤ ፈጠን ትላለች። ሁሉንም ሰማችኝ። «ክሱን ወደ ግድያ መቀየር እችላለሁ» አለች። «ግን ምቱንና ሞቱን የሚያገናኝልኝ ነገር እፈልጋለሁ። ሞት ምስክር ወረቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ ነው የሚለው። በምን ምክንያት፣ መቼ፣ አይልም። የአስከሬን ምርመራውን አምጡልኝ።»

«አመጣልሻለሁ» አልኳት። ሐኪም ቤት የሞተ ሰው መቼም ሳይመረመር አይቀርም።

ወንድሜ ጫማውን ነበር የሚያየው።

መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን አልከፈተም። እሱ ሬዲዮ ሳይከፍት ነድቶ አያውቅም።

«እትዬ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«ያን ቀን ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር። ከፍተን እንየው ወይ አለኝ። እምቢ አልኩ።» መሪውን ጭምድድ አድርጎ ይዞታል። «ልጁን ሙሉውን ላመጣልሽ ፈልጌ ነው። የተሰፋ ጭንቅላት እንዳታዪ ብዬ ነው።»

ቤት ሲያደርሰኝ ደኅና እደር እንኳ አላልኩትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

አልጽፍም። እጄ የሚጽፈው ስድብ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ መቃብሩ ተከፍቶ ይመርመር። መርማሪው ይቻላል ብሏል፣ ግን ሁለታችንም ወላጆች መፈረም አለብን።

ባለቤቴ አልፈርምም አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ልጁ ይረፍ። ከሞተም በኋላ ያስቸግሩት እንዴ?»

«ሰውየው ይወጣል እኮ።»

«ይውጣ። ሲታሰር ይመለሳል ልጃችን?»

«በድብደባ ነው የሚወጣው። እንደ ሰፈር ጠብ።»

«አንቺ አሁንም ዜሮው ነው የሚያንገበግብሽ።»

ይኼን ሲለኝ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አልተሰበረም፤ ፕላስቲክ ነው። ለመናደድ እንኳ ዕቃ የለንም። ልጅቷ ከውስጥ ወጥታ ሁለታችንንም አየችን። «እኔ አሁንም እዚሁ ነው የምኖረው» ብላ ተመልሳ ገባች። ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ። የት ልትሄድ ኖሯል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬ ማዶ ፍርድ ቤት ክርክር ነበር። በዚህ ጊዜ ባለቤቴም መጣ፣ ወንድሜ ነዳን። ወንድሜና እኔ አልተነጋገርንም። ባለቤቴ መሐላችን ተቀምጦ ለሁለታችንም በየተራ ዳቦ ይቆርስልናል።

ካቦውን አየሁት። ግዙፍ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። ቀጭን ነው። ያስለዋል።

ዐቃቤ ሕጓ ተነሥታ ተበዳዩ ስለሞተ ክሱን ለመቀየር ጊዜ ይሰጠኝ አለች። የካቦው ጠበቃ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑን ከሩቅ ለየሁት። ያ ሪፖርት ነው። የባለመነጽሩ ሪፖርት።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ሟች ከዚህ ከተማ የወጣው በእግሩ ነው። የሞተው ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው። በዚህ ከተማ በዚህ ዓመት አንድም ግድያ አልተመዘገበም። በዚያኛው በኩል ደግሞ የግድያው ቁጥር የእኛን ብዙ እጥፍ ነው። ቁጥሩን ያወጣው የራሳቸው መንግሥት ነው። አንድ ሰው በጭንቅላቱ ተመትቶ ቢሞት፣ በየትኛው በኩል የመመታት ዕድሉ ይሰፋል?»

ሰዎች አጉረመረሙ፣ የተስማሙ ይመስሉኛል። እኔ ብድግ ብዬ «ከሥር ማስታወሻ አለው» አልኩ። ዳኛው እናት ይቀመጡ አሉኝ። ማን ይስማኝ። ዐቃቤ ሕጓ ግን ዞር ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ጻፈች።

ዳኛው እስከ መጋቢት 24 አዲስ ማስረጃ ካልመጣ ባለው ክስ እፈርዳለሁ አሉ።

ውጭ ስንወጣ ባለቤቴ አጥሩን ይዞ ቆመ። «እኛ ጋ መጥቶ ተገደለ ነው የሚሉት» አለ። «አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ የመጣውን ልጅ። እኛ ገደልነው ነው የሚሉት።» ከዚያ ወንድሜን «መርማሪው ቢሮ ሳይዘጋ እንደርሳለን?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ፈረመ። የእሱ ፊርማ ሁልጊዜ ሙልት ያለ ነው፣ በሺህ ቤት ደረሰኝ ላይ የለመደ። ዛሬ የልጅ ይመስላል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መርማሪው መቃብር ለማስከፈት መጀመሪያ የግድያ መዝገብ መክፈት አለብኝ አለ። «መክፈት አይቻልም ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። «ያኔ ወንጀሉ ማዶ ነበር። አሁን መቃብሩ እዚህ ነው» አለኝ። ቢከፍተውም ተናደድኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ባለመነጽሩ ጋ ሄድኩ። ሪፖርቱ ፍርድ ቤት ምን እንደሠራ ነገርኩት። የፊቱ ቀለም ተለወጠ። ማወዳደር አይቻልም ብለህ በፊርማህ ጻፍልኝ አልኩት። እኔ ብቻዬን አልችልም፣ አለቃዬ መፍቀድ አለበት አለ። አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። የዚህ አገር አለቃ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተከትሎኝ መጥቶ የግርጌ ማስታወሻዋ ያለችበትን ገጽ አባዝቶ ሰጠኝ፤ ከሥሯ በቀይ አስምሮባታል። «ይኼን ለማንም መስጠት ይፈቀድልኛል» አለ። «የታተመ ነው።»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ዛሬ ከፈቱት።

እኔን አላስጠጉኝም። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ባለቤቴ ገባ። ወንድሜ ከጎኔ መጥቶ ቆመ፤ ሂድ አላልኩትም። የአካፋው ድምፅ ሲሰማ ጆሮዬን በሁለት እጁ ያዘልኝ። ትልልቅ እጆች አሉት፣ ዘይት ዘይት ይሸታሉ። እንደዚያ ሆነን ቆየን። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሆኖ «አይሆንም» ሲል እንዴት ሆኖ እንደነበር ያኔ ታየኝ።

መልሰው ቀበሩት። አፈሩ ሁለተኛ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ተርፎ ዳር ላይ ተቆለለ። በእጄ አስተካከልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ሐኪሟ ውጤቱን ለእኔና ለባለቤቴ አነበበችልን። ከዚያ በእኛ ቋንቋ ነገረችን። የጭንቅላቱ አጥንት ከኋላ ተሰንጥቋል። የስንጥቁ ዳርና ዳር ግን መጋጠም ጀምሮ ነበር። አጥንት በአንድ ቀን እንደዚያ አይሆንም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ የተመታው ከመሞቱ ብዙ ቀን ቀድሞ ነው፣ አውቶቡሱም ድልድዩም ሳይኖር። ደሙ ከውስጥ ቀስ እያለ ሲፈስ ኖሯል።

ባለቤቴ «አለቀለት ጠበቃው» አለ። አዎ፣ ይኼ ነው የፈለግነው ማስረጃ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። መጋጠም ጀምሮ ነበር። ልጄ ሲሞት እየዳነ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

አጭር ነው የምጽፈው፣ ደክሞኛል።

ዐቃቤ ሕጓ የሐኪሟን ውጤት አቀረበች። ቀይ የተሰመረባትን ገጽም ጮክ ብላ አነበበች። ጠበቃው ተቃወመ። ዳኛው ውጤቱን ሁለቴ አነበቡት። ክሱ ወደ ግድያ ተቀየረ። ፍርድ የለም፤ ቀጠሮው ከክረምት በኋላ ነው። ካቦው ወደ እስር ቤት ተመለሰ። ሲያልፍ አላየኝም ወይም እንዳላየ ሆነ።

አጭሩ ደጅ ላይ አቀፈኝ፤ ራሱ አገጬ ሥር ሆነ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች። ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ነግሬሽ ነበር እማዬ» አለች። መቼ? ዛሬ አብረን በላን። ብዙ አላወራንም። ጃኬቱን እኔም ትንሽ ለበስኩት፤ አሁን የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ባለመነጽሩ ስልክ ደወለ። ቢመቸዎት ይምጡ አለኝ። አሁን የማን ዜሮ ነው እያልኩ ሄድኩ። ዘበኛው ቆሞ ተቀበለኝ።

«ልጅዎ ተቆጥሯል» አለኝ ባለመነጽሩ። ከዚያ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ሁለት ጊዜ።»

አልገባኝም፤ አስረዳኝ። እኛ ጋ መቃብሩን ለማስከፈት የግድያ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገብ ሲከፈት እኛ እንቆጥራለን። ማዶ ክሱ በግድያ ስም ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በክሱ ስም እነሱ ይቆጥራሉ። በሚቀጥለው ሪፖርት ልጄ በዚህም አገር አንድ፣ በዚያም አገር አንድ ነው።

«ድርብ ቆጠራ ነው፣ ከአንዱ መውጣት አለበት» አለ። «ጽፈንላቸዋል። የእናንተ ነው አሉን። የእኛም ፖሊስ የእነሱ ነው ይላል። ማንም በራሱ ቁጥር ላይ አንድ እንዲጨመርበት አይፈልግም።»

«እኔን ለምን ጠራኸኝ ታዲያ?»

መለሰልኝ ማለት አልችልም። ወረቀቶቹን አስተካከለ። በኋላ «ከሬዲዮ እንዳይሰሙት ብዬ ነው» አለ።

መንገዱን ሁሉ በእግሬ ተመለስኩ። አንድ ልጅ ወልጄ ማንም የእኔ ነው የሚለው ጠፍቶ ከረመ። ወር ሙሉ እጃቸው ላይ ተንጠልጥዬ ቁጠሩልኝ አልኩ። አሁን ሁለቱም ይዘውታል፣ ሁለቱም ደግሞ እንካ ይባባላሉ። እኔም እኮ ሁለቴ ነው የቀበርኩት። ማን ይሰርዝልኛል አንዱን?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ይህችን ጽፌ ደብተሩን ለልጅቷ እመልስላታለሁ። ባዶ የቀረው ወረቀት ለትምህርቷ ይሆናታል። ከጎኔ ተቀምጣ እንድትጽፍ እፈልጋለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ማን እንደምትሆኑ አላውቅም። ሪፖርቱ በወጣ ጊዜ ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ይኼ ይሻላል፣ ያ ይብሳል ስትሉ፣ በሁለቱም ቁጥር ውስጥ ያለው አንዱ ያው አንድ ሰው መሆኑን እወቁልኝ። አንዴ ነው የተወለደው። ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ወለል ማንጠፍ ይወድ ነበር፤ የጨረሰውን ቤት ጫማውን አውልቆ ነበር የሚዞረው። ስሙን አልጻፍኩም፣ ፈጣሪ ያውቀዋልና። በየትኛውም በኩል ሆናችሁ፣ እንደየእምነታችሁ፣ ለዚህ ልጅ ነፍስ ዕረፍት ለምኑለት። በዚያ እንኳ ሁለት ጊዜ ቢቆጠርልኝ አልከፋም።